ኢታኖል የገባበት ቤንዚን ባጃጄን አይጎዳብኝም?

የጠባሴው ባጃጅ (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ። ደብረ ብርሃን ጠባሴ ነው የምኖረው። ሥራዬ ባጃጅ ነው። ባጃጇ የኔ ናት፤ እውነቱን ለመናገር ግማሿ የኔ፣ ግማሿ የእቁቡ ናት። ዕድሜዋ ገፋ ያለ፣ ካርቡራተር (ቤንዚኑን ከአየር የሚቀላቅለው ዕቃ) ያላት፣ ውርጩ ሲበረታ ጠዋት ለመነሳት የምታንገራግር አመለኛ ናት።

ባለፈው ቅዳሜ ማደያ ተሰልፌያለሁ። መቼም ሰልፍ ወሬ ይወልዳል። ከፊቴ ያለው ልጅ "እንደ ድሮው ቤንዚኑ ላይ ኢታኖል ሊቀላቅሉበት ነው አሉ" አለ። ከኋላዬ ያለው ደግሞ "አልኮል እኮ ነው፤ ሞተር ይበላል፣ ጎማ ጎማውን ያቀልጠዋል" አለ። አንዱ "እንግዲህ ባጃጅ ሁሉ ሰክሮ አደባባዩ ላይ ሊንገዳገድ ነው" ብሎ አሳቀን። እኔም ሳቅኩ። ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ወሬው እውነት ይሁን ውሸት አላውቅም። እውነት ከሆነስ?

እኔ አልኮል ቤት ነው ያደግኩት። እናቴ አረቄ ታወጣለች። በልጅነቴ እንጨት የማቀብለው፣ ማቀዝቀዣ ገንዳው ላይ ውሃ የምቀይረው እኔ ነበርኩ። ብቅሉና ጌሾው ተደፍድፎ ሲፈላ ሽታው ግቢውን ይሞላዋል። ከዚያ ማሰሮው ይጣዳል፣ አፉ ይለሰናል፣ በሸምበቆው በኩል ጠብ ጠብ ማለት ይጀምራል። መጀመሪያ የሚወርደው ተራው ነው። እሱን መልሳ ስትጥደው ዳግም አረቄ ይሆናል። የእናቴ ዳግም ክብሪት ሲነካው ሰማያዊ እሳት ይይዛል። ሥላሴን! በዓይኔ ያየሁት ነው።

ስለዚህ ምን አደረግኩ መሰላችሁ። እሁድ እናቴ ቅዳሴ ስትሄድ ሩብ ሊትር ዳግም ቀዳሁ። ሃይላንድ ውስጥ ቤንዚን ገልብጬ አረቄውን ጨመርኩበት። ክዳኑን ዘግቼ እንደ ቅቤ ናጥኩት። ለትንሽ ደቂቃ ድፍርስርስ አለ። ከዚያ ሁለት ሆኖ ቁጭ! ቤንዚኑ ላይ፣ አረቄው ታች። መሀላቸው በቢላ የተቆረጠ ይመስላል።

ጭንቀቴ የመጣው እዚህ ላይ ነው። የባጃጄ ታንክ ቤንዚን የሚሰጠው ከታች ነው። አልኮሉ ታች ከተኛ ሞተሬ መጀመሪያ የሚጠጣው እሱን ነው ማለት ነው። ታዲያ መንግሥት እንዴት አድርጎ ነው የሚቀላቅለው? ድሮ ተቀላቅሎ ነበር የሚባለውስ እውነት ነው? ከነበረ ለምን ቀረ? ከጎዳኝ ማንን ነው የምጠይቀው? ደግሞ ኪሎሜትር ይቀንሳል ይላሉ። በቀን 6 ሊትር አካባቢ ነው የምቀዳው፤ ከሱ ላይ ተቀንሶ እቁቡን በምን እጥላለሁ?

የምታውቁ ካላችሁ በሚገባኝ ቋንቋ አስረዱኝ።

ላዳ ነበረኝ

ወንድሜ፣ ድሮ ነበር የሚሉህ እውነት ነው። አዲስ አበባ በ2001 ሲጀመር እኔ ላዳ ነበር የምነዳው። መጀመሪያ 5 በመቶ ነበር። በ2003 10 በመቶ አደረጉት። አዲስ አበባና ዙሪያዋን ነበር የሚመለከተው፤ እናንተ ጋ አልደረሰም።

ያየሁትን ልንገርህ። በመጀመሪያው ወር መኪናዬ እያስነጠሰች መሀል መንገድ ትቆም ነበር። አንድ ቀን ተሳፋሪ ጭኜ አራት ኪሎ ዳገቱ ላይ ጥላኝ ቀረች። ሰውዬው ወርዶ ገፋልኝ፤ ሂሳቡን ግን አልከፈለም። ጋራዥ ወስጄ ፊልትሮው ሲፈታ እንደ ቡና አተላ ያለ ጥቁር ዝቃጭ ሞልቶበታል። እኔ ኢታኖሉን ስረግም መካኒኩ ሳቀብኝ። "ይሄ የኢታኖሉ አይደለም፤ ያንተ የ20 ዓመት ቆሻሻ ነው። አልኮሉ ታንክህን አጠበልህ" አለኝ። ሁለት ጊዜ ፊልትሮ ቀየርኩ። ከዚያ ወዲያ ጸጥ አለች። ዓመታት ነዳኋት። በመሀል ሲቋረጥ እንኳ አላወቅኩም፤ ከሰው ነው የሰማሁት።

ኪሎሜትር ቀነሰ ወይ ላልከው፣ እኔ ጋ ቢቀንስም የሚታወቅ አልነበረም። ላዳ መቼም ድሮውንም ጠጪ ናት።

የምንጃር ጤፍ

እኔ ደግሞ የማይገባኝ ሌላ ነው። ሰው እንጀራ አጥቶ እህል ለመኪና ይጠመቃል? አሜሪካኖች በቆሎውን ለመኪና ነው የሚያበሉት። ነገ ጤፋችንን ማደያ እንዳናገኘው እፈራለሁ።

ፊንጫ የነበርኩ

ይሄን ጥያቄ ሳይ ማለፍ አልቻልኩም። ፊንጫ ስኳር ፋብሪካ ኢታኖሉ ክፍል ጥቂት ዓመታት ሠርቻለሁ። አሁን ጫጫ አካባቢ በሬ አደልባለሁ። ሞላሰስን ሻጩም ጋ ገዢውም ጋ ሆኜ አውቀዋለሁ ማለት ነው።

የምንጃሩ ወንድም፣ ስጋትህ ይገባኛል። አሜሪካ እንዳልከው በበቆሎ ነው የምትሠራው፤ እዚያ ክርክሩ እስካሁን አላለቀም። የኛው ግን ከእህል አይደለም። ስኳር ሲመረት የሚተርፍ ጥቁር ወፍራም ዝልግልግ ፈሳሽ አለ፤ ሞላሰስ። ኢታኖሉ የሚወጣው ከሱ ነው። ጤፍህ ሰላም ነው። የተነካው የኔ በሬ ነው! በሬዎቼ ሞላሰስ ይወዳሉ፤ ድርቆሽ ላይ ትንሽ ከረጨህላቸው ጋጣውን ይልሱታል። ፋብሪካው ወደ ኢታኖል ሲያዞረው እኛ አድላቢዎች እናጣዋለን። ሞላሰስ ትርፍ ነው፣ ማንም አይፈልገውም የሚልህን አትመን።

አሁን ወደ ባለባጃጁ። የእናትህን አረቄ ጉዳይ እንጨርስ። ሃይላንድ ውስጥ ያየኸው ትክክል ነው። ዳግም አረቄ ጉሮሮ ቢያቃጥልም ግማሹና ከዚያ በላይ ውሃ ነው። ቤንዚንና ውሃ አይዋደዱም። አልኮል ከሁለቱም ጋር ይግባባል፤ ምረጥ ከተባለ ግን ውሃን ነው የሚመርጠው። ስለዚህ አረቄው ውስጥ ያለው አልኮል ውሃውን ይዞ ታች ወረደ። ውሃ የሌለበት አልኮል ብትጨምር ኖሮ ቤንዚኑ ውስጥ ስኳር ሻይ ውስጥ እንደሚጠፋው ይጠፋልህ ነበር። ብታሳድረውም አይለይም።

ፋብሪካው የሚያደርገው እናትህ የምታደርገውን ነው። በማሰሮ ፈንታ ፎቅ የሚያህል የብረት ዓምድ ነው ያለው። እንፋሎቱ ወደ ላይ በወጣ ቁጥር እየተጣራ ይሄዳል። ግን አንድ ጉድ አለ። ሦስቴ ብታወጣው፣ መቶ ጊዜ ብታወጣው፣ 96 በመቶ ገደማ ላይ ሲደርስ ቀጥ ይላል። ያቺን የቀረች ውሃ እሳት አያወጣትም፤ ከአልኮሉ ጋር አብራ ነው የምትተነው። ስለዚህ በጣም ጥቃቅን ቀዳዳ ያላቸው ድቡልቡል ጠጠሮች የተሞሉበት ጋን ውስጥ ያሳልፉታል። ውሃው ቀዳዳው ውስጥ ይገባል፤ አልኮሉ ወፈር ስለሚል አይገባም። ከዚያ ሲወጣ 99.5 በመቶና ከዚያ በላይ ንጹህ ነው። ቤንዚን ላይ የሚጨመረው ይሄ ብቻ ነው። መጀመሪያ ሥራ የገባሁ ሰሞን አለቃችን ያንን ናሙና በብርጭቆ አሳየን። ጠብታ ውሃ ለመሰለ ነገር ይሄ ሁሉ ቧንቧ መዞሩ ገርሞኝ ነበር።

10 በመቶ ኢታኖል ያለው ቤንዚን ትንሽ ውሃ ይችላል። 15 ዲግሪ ሙቀት ላይ ግማሽ በመቶ ያህል። በ8 ሊትር አስበው፤ 40 ሚሊ ሊትር፣ የቡና ሲኒ ግማሽ ገደማ። ከዚያ ካለፈ አልኮሉ ቤንዚኑን ትቶ ከውሃው ጋር ታች ይተኛል። ያንተ ሃይላንድ ታንክህ ውስጥ ተሠራ ማለት ነው። ብርድ ሲሆን ደግሞ የሚችለው ውሃ ይቀንሳል። የደብረ ብርሃንን የኅዳር ሌሊት አንተው ታውቀዋለህ።

ኪሎሜትሩን በተመለከተ ጨርሶ አልዋሹህም። የኢታኖል አንድ ሊትር የቤንዚንን ሁለት ሦስተኛ ያህል ጉልበት ነው ያለው። 10 በመቶ ሲሆን 3 በመቶ ገደማ ታጣለህ። በቀን 6 ሊትር ከቀዳህ ከ200 ሚሊ ሊትር በታች ነው። ትንሽ ናት፤ ግን ያንተ ናት። ስለዚህ የሊትሩ ዋጋ ይህችን ታሳቢ ማድረግ አለበት። እኔ ብጠየቅ ፖሊሲው ላይ መጀመሪያ የምከራከረው ለዚህ ነው።

ለምን ቀረ ላልከው፣ ሰው ሁሉ ሞተር ላይ ያፈጣል፤ ችግሩ ያለው ሸንኮራው ማሳ ላይ ነው። ስትራቴጂው የወጣው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው፤ የማዕድንና ኢነርጂ ሚኒስቴር ነበር ያወጣው። ነዳጅ ጣሪያ የሚነካበት ዘመን ነው። በኛው አቆጣጠር ሐምሌ 2000 ላይ አንድ በርሜል 147 ዶላር ገብቶ ነበር። ቤንዚን በዶላር እየገዛህ ከጅቡቲ በቦቴ የምታመላልስ አገር እቤትህ የሚፈስ ሞላሰስ ካለህ ታስበዋለህ። ጃትሮፋና ጉሎም ተክለን ናፍጣ እናወጣለን ተብሎ ነበር፤ ያኛው ብዙም ሳይራመድ ቀረ። ኢታኖሉ ግን ሥራ ላይ ዋለ። ቅልቅሉ መጀመሪያ ሱሉልታ፣ የናይል ፔትሮሊየም ዴፖ ውስጥ ነበር የሚካሄደው።

የፊንጫ ኢታኖል ፋብሪካ መጀመሪያ በዓመት 8 ሚሊዮን ሊትር የማምረት አቅም ነበረው፤ በማስፋፊያው 20 ሚሊዮን ሆነ። መተሐራ 12.5 ሚሊዮን ተጨመረ። ሁለቱን ደምረህ 10 በመቶ ብታደርገው 325 ሚሊዮን ሊትር ቅልቅል ይወጣሃል። ወረቀት ላይ ቆንጆ ነው! ግን አቅም ማለት ምርት አይደለም። ክረምት ሲገባ ሸንኮራ አይፈጭም፤ ማሳው ይጨቀያል። ሸንኮራ ካልተፈጨ ሞላሰስ የለም፤ ሞላሰስ ከሌለ ኢታኖል የለም። አዳዲሶቹ ስኳር ፋብሪካዎች ደግሞ እንደታቀደው ቶሎ አልደረሱም። የተመረተውንም የሚፈልገው ብዙ ነው፤ መጠጥ አምራቹ አለ፣ ሆስፒታሉ አለ፣ የኢታኖል ምድጃው አለ። ማደያ አንድ ወር ተቀላቅሎ አንድ ወር ሳይቀላቀል ቢመጣ የማንም መኪና አይለምደውም፤ ዴፖውም ይሰለቻል።

ብራዚሎችን ብታይ እነሱም ቀምሰዋታል። የ1973ቱ የነዳጅ ቀውስ ሲያጠቃቸው በ1975 ፕሮአልኮል የሚባል መርሐ ግብር አወጡ። አልኮል ብቻ የሚጠጣ መኪና ሳይቀር ሠሩ። ሰውም ገዛ። 1989 እና 1990 ላይ ስኳር ዓለም ላይ ሲወደድ ሸንኮራው ወደ ስኳር ዞረ፤ ባለመኪናው አልኮል ፍለጋ ተሰለፈ። ከዚያ በኋላ ያንን መኪና የሚገዛ ጠፋ። እንደገና ያገገሙት በ2003 ቤንዚንም አልኮልም እኩል የሚጠጣ መኪና ገበያ ላይ ሲያወጡ ነው። ዛሬ ቤንዚናቸው ውስጥ 30 በመቶ ኢታኖል አለ። ራቅ ሳትል ደግሞ ማላዊ አለችልህ። እንደኛው ባሕር የላትም። ከ1982 ጀምሮ ከሞላሰስ እያወጣች ትቀላቅላለች። (እነዚህ ዓመታት ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው።)

ረዘመ፤ ይቅርታ። በሬዎቼም እየጮሁ ነው።

የጠባሴው ባጃጅ (ጠያቂ)

እግዜር ይስጥልኝ! ሦስቴ አነበብኩት። መቶ ጊዜ ብታወጣው 96 ላይ ቀጥ ይላል ያልከውን ለእናቴ ነገርኳት። "እኔስ ሁለቴ ብቻ የማወጣው ለምን መሰለህ" አለችኝ። ፋብሪካ የሠራች ነው የምትመስለው።

አንድ ነገር ግን አልመለሳችሁልኝም። የኔ ባጃጅ ጎማና ጓርኒሲዮኑ ይችለዋል ወይስ አይችለውም?

ካንዴላ

እሱን ለኔ ተዉት። እዚሁ ደብረ ብርሃን ነው የምሠራው፤ ባጃጅና ሞተር ሳይክል ስፈታ ስገጥም ጸጉሬ ሸብቷል።

ልጄ፣ ባጃጅ የት ነው የሚሠራው? ህንድ። ህንዶች ቤንዚናቸውን 10 በመቶ ያደረሱት በፈረንጆቹ 2022 ነው (የምጠራልህ ዓመት ሁሉ በፈረንጆቹ ነው)፤ አሁን 20 በመቶ ገብተዋል። እሱንም ያሰቡት ለ2030 ነበር፤ አምስት ዓመት ቀድመው በ2025 ደረሱ። ከሚያዝያ 2023 ወዲህ የሚያመርቱት ጎማና ፕላስቲኩ 20 በመቶ እንዲችል ሆኖ ነው። ያንተዋ ከዚያ በፊት የተሠራች ትመስለኛለች። ለሷ 20ውን አልመክርህም። እዚያው ህንድም የአሮጌ መኪና ባለቤቶች ኪሎሜትር ቀነሰብን፣ ጎማ ጨረሰብን እያሉ ሲጮሁ ነበር። 10ሩ ግን ያን ያህል የሚያስፈራ አይደለም። እኔ ብሆን የቤንዚን ቱቦዋንና የካርቡራተሯን ኦሪንግ (ክቧን የጎማ ማሸጊያ) አይ ነበር። ከጠነከረ፣ ከተሰነጠቀ፣ በጥፍርህ ስትጫነው ካልተመለሰ ቀይረው። ይሄ ኢታኖል መጣም አልመጣም መቀየር ያለበት ነው።

ሌላም አለ፤ ይሄን ብዙ ሰው አያውቀውም። እኛ ያለነው 2,800 ሜትር ላይ ነው። አየሩ ከባሕር ጠለሉ ወደ 30 በመቶ ገደማ የሳሳ ነው። ካርቡራተር ደግሞ ይሄን አያውቅም፤ ቆላ ያለ ይመስል ቤንዚኑን ዝም ብሎ ያፈሳል። ለዚህ ነው የናንተን ካንዴላ (ሞተሩ ውስጥ ብልጭታ የሚሰጠውን) ስፈታ ከሰል መስሎ የሚወጣው። ኢታኖል በራሱ ውስጥ ኦክስጅን አለው። ስለዚህ 10 በመቶ ሲገባ የቤንዚኑንና የአየሩን ቅልቅል ትንሽ ያሳሳዋል። ቆላ ላይ በደንብ ለተስተካከለ ካርቡራተር ይሄ ጉዳት ሊሆን ይችላል፤ ሞተሩ ይግላል። እኛ ጋ ግን ድሮውንም ስለሚወፍርብን ጥቂት ያቃናልናል እንጂ አይጎዳንም። ኦክታኑም፣ ማለትም ሞተር ውስጥ ያለጊዜው ያለመፈንዳት አቅሙ፣ ከቤንዚን ይበልጣል።

የሚያስፈራኝ ውሃው ነው። ፊንጫ የነበረው ወንድማችን በደንብ ነግሮሃል። እኔ ጋ ከሚመጣው አስር ባጃጅ ሦስት አራቱ ታንኩ ውስጥ ውሃ አለው። ንጹህ ቤንዚን ሲሆን ውሃው ታች ተኝቶ ዝም ይላል፤ አልፎ አልፎ ብቻ ያስነጥስሃል። ኢታኖል ሲመጣ ያንን ውሃ ይቀሰቅሰዋል። ስለዚህ አሁን፣ ወሬ በሆነበት ሰዓት፣ ታንክህን አውርደህ እጠባት።

ቤንዚንህ ውስጥ ኢታኖል ይኑር አይኑር ማወቅ ከፈለግክ ደግሞ ቀላል ነው። መርፌ የሌለው የ20 ሲሲ ስሪንጅ ግዛ። ጠባብና ረጅም ብልቃጥ ውስጥ 50 ሲሲ ውሃ አስገባ፤ የውሃው ጫፍ ላይ በእስክሪብቶ አስምር። ከላዩ 100 ሲሲ ቤንዚን ጨምር። ዘግተህ ናጠው፣ አሥር ደቂቃ አስቀምጠው። መስመሩ ካልተነቃነቀ ኢታኖል የለም። ውሃው አድጎ 60 አካባቢ ከደረሰ 10 በመቶ አለ ማለት ነው፤ አልኮሉ ወደ ውሃው ወርዷላ። ብቻ አደራህን፣ እናትህ አረቄ የጣደችበት ማድ ቤት ውስጥ እንዳታደርገው!

የሮቢት ሽንኩርት

ጋሼ ካንዴላ፣ እኔም ልጠይቅዎት። ሸዋ ሮቢት ነኝ። ሽንኩርትና ማሾ ነው የማመርተው፤ በቤንዚን በሚሠራ የውሃ ፓምፕ ነው የማጠጣው። ፓምፑ ክረምቱን ሙሉ መጋዘን ይቀመጣል። እናንተ ብርድ ትላላችሁ፤ እኛ ጋ ጀሪካኑ በሙቀት እንደ ኳስ ይነፋል። ኢታኖል ካለው ይብሳል?

ካንዴላ

ያንተ ጉዳይ ከባጃጁ ይብሳል። ባጃጅ የቀዳችውን በማግስቱ ትጨርሳለች። ያንተ ፓምፕ ግን ሦስት አራት ወር ይተኛል። ኢታኖል ከአየሩ ርጥበት ይስባል፤ ክረምት ላይ ሮቢት ደግሞ ርጥበት ሞልቷል። ጥቅምት ላይ ገመዱን ብትስብ ብትስብ እምቢ ይልሃል። ካርቡራተሩ ሲፈታ ቀዳዳው አረንጓዴ ዝገት ደፍኖት ታገኘዋለህ።

ስለዚህ ሰኔ ላይ ሥራ ስትጨርስ ቤንዚኑን ከታንኩ ቅዳው። ከዚያ ሞተሩን አስነሳና ካርቡራተሩ ውስጥ ያለውን ጨርሶ ራሱ እስኪጠፋ ተወው። ባዶውን አስቀምጠው። ጀሪካኑን ደግሞ ጥላ ውስጥ አኑረው። ጥቂት ኢታኖል የገባበት ቤንዚን በሙቀት ከንጹሁ ይልቅ ቶሎ ስለሚተን የባሰ ይነፋብሃል። ክዳኑን ስትከፍት ቀስ እያልክ አስተንፍሰው።

አዲስ ገበሬ

ሁሉም ጥሩ ነው፤ ግን ከ2016 ወዲህ የነዳጅ አውቶሞቢል አይገባም እየተባለ፣ ኤሌክትሪኩ እየመጣ፣ አሁን ኢታኖል ምን ይሠራል?

ፊንጫ የነበርኩ

የማይገባው አዲሱ ነው። ያለው መኪና የት ይሂድ? ሞተር ሳይክሉ፣ ፓምፑ፣ ያንተ ጎረቤት ባጃጅ ገና ብዙ ዓመት ቤንዚን ይጠጣሉ። ግን ነጥብህን አልጥለውም። እኔ መንግሥት ብሆን አገሩን ሁሉ አላዳርስም። ፋብሪካው ዓመቱን ሙሉ ሳያቋርጥ ሊያቀርብ የሚችለውን ለክቼ፣ 5 በመቶም ትሁን፣ ለአንድ ከተማ እሰጣታለሁ። ክረምት የምትበላውን በጋ ላይ አጠራቅማለሁ። ማደያው ላይ ደግሞ በትልቁ "ኢታኖል አለበት" ብዬ እጽፋለሁ። ባለላዳው በሬዲዮ ከሚሰማው ማደያው ላይ ቢያነበው ይሻለው ነበር።

ላዳ ነበረኝ

ሬዲዮም አልሰማሁም እኮ፤ መካኒኩ ነው የነገረኝ።

የጠባሴው ባጃጅ (ጠያቂ)

ዛሬ ሥራ አልወጣሁም። ጋሼ ካንዴላ ያሉትን አደረግኩ።

ስሪንጁን ከፋርማሲ ገዛሁ። ልጅቷ "ለምንድን ነው?" ስትለኝ "ለባጃጄ" አልኳት፤ ቀና ብላ አየችኝ። ብልቃጥ ፍለጋ ግቢውን ሳስስ የድሮ የሽቶ ጠርሙስ አገኘሁ፤ አፉ ጠባብ ነው። ጓሮ፣ ከእሳት ርቄ፣ አጥሩ ሥር ተቀመጥኩ። 50 ውሃ፣ 100 ቤንዚን። ናጥኩት። አሥሯን ደቂቃ በስልኬ ቆጠርኩ። መስመሩ ንቅንቅ አላለም። እንግዲህ ዛሬ የቀዳሁት ውስጥ ኢታኖል የለም።

ቀጥሎ ታንኩን አወረድኩ። ቤንዚኑን በነጠላ ቁራጭ እያጠለልኩ ወደ ጀሪካን ገለበጥኩ። የመጨረሻዋን ቅሪት ነጭ ጎድጓዳ ሳህን ላይ ሳፈሳት ሥሯ ላይ እንደ እንቁላል አስኳል ክብ ክብ የሚል ነገር ይሽከረከራል። ውሃ ነው! ከነዝገቱ። ወደ ቡና ሲኒ አንጠፈጠፍኩት፤ ከግማሽ አለፈ። ፊንጫ የነበረው 40 ሚሊ ሊትር ያለው ትዝ ሲለኝ ሲኒውን ይዤ ቁጭ አልኩ። ለካ ኢታኖል ሳይመጣ ውሃውን አዘጋጅቼ ስጠብቀው ነበር። ጠዋት ጠዋት የምታንገራግረው ውርጩ ብቻ አይደለም ማለት ነው።

ከየት እንደገባም ደረስኩበት። የታንኩ ክዳን ውስጥ ያለችው ጎማ እንደ ደረቀ ቂጣ ተሰነጣጥቃለች። እኔ ደግሞ በየማታው ላቫጆ ወስጄ በዚያ በሚገፋው ውሃ ላይዋን ታችዋን አስጠምቃታለሁ። የሚያጥበው ልጅ ጥንቁቅ ነው፤ ክዳኑ ላይ ሁለቴ ነው የሚደግምልኝ!

አዲስ ጎማ ገዛሁ። ቱቦውንም ቀየርኩ፤ በጥፍሬ ስጫነው እውነትም አልተመለሰም። ካንዴላው ደግሞ ጋሼ እንዳሉት ከሰል ነው። እሱን ነገ ይዤልዎት እመጣለሁ፤ ጋራዡ የት እንደሆነ በውስጥ መስመር ይጻፉልኝ።

እናቴ ከገበያ ስትመለስ ሽቶ ጠርሙሱን፣ ስሪንጁን፣ ሲኒውን፣ የተፈታ ታንኩን አየች። ምንም አላለችም። ማድ ቤት ገባችና ወጣች። "ከዳግሙ ሩብ ሊትር ጎድሏል" አለች።

"ለምርምር ነው እማዬ" አልኳት።

"የት አለ?"

ሃይላንዱን አሳየኋት። ቤንዚኑ ላይ፣ አረቄው ታች፣ እንዳለ ቁጭ ብሏል። ብርሃን ላይ አንስታ አገላበጠችው። "የታችኛውን መልሼ ብጥደውስ?" አለችኝ።

ሮጬ ነው የተቀበልኳት።